ቢላዋው በማን እጅ ነው? የሴቶች የግብርና አመራር ፌሎሺፕ ከሐዋሳ ሲታይ

በሲዳማ ከምትገኘው ከለኩ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእንሰት ጓሮ ውስጥ ያየሁትን ላስቀድም። አንዲት እናት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አዘንብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ዘርግተው፣ ጫፉን በተረከዛቸው አጥብቀው ይዘው በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቃሉ። ነጩ ፍቅፋቂ ከሥር በተነጠፈው ኮባ ላይ ይከመራል፤ ውኃው ደግሞ ቡላ ሆኖ እንዲረጋ ወደ ጉድጓዱ ይንጠባጠባል። ቢላዋቸው አጠገባቸው መሬት ላይ ተሰክቷል። ከጓሮው ጫፍ ግን ሦስት እንሰቶች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ፣ መሐላቸው ተሰብሮ ወድቀዋል።

አብራኝ የነበረችው ወዳጄ የግብርና ተመራማሪ ናት። ስለበሽታው ያስተማራቸው ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው።

«ስብሰባ ነበር፣ ልጄ። ባለቤቴ ሄዶ ነበር።»

«ምን አሏቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሱን ጠይቂው እንጂ።»

የእንሰት አጠውልግ በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አምጪው ባክቴሪያ ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው ደግሞ የታመመ እንሰት የነካ ቢላዋ ነው። ፈውስ የሚሆን መድኃኒት ስለሌለው ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው መከላከል ላይ ያተኩራል፦ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት ወደ ጓሮው እንዳይገባ ማድረግ፣ ቢላዋውን በእሳት ማሞቅ ወይም በሚያጸዳ ነገር ማጠብ። ምክሩ ትክክል ነው። የተነገረው ግን ቢላዋውን ለማይዘው ሰው ነው። እንሰት መቁረጥ፣ መፋቅና ማብላላት የሴት ሥራ ነው፤ በብዙ ቦታ ወንድ ከሚፋቅበት አጠገብ መቆሙ ራሱ እንደ ነውር ይቆጠራል። ለስብሰባ የሚጠራው ግን አባወራው ነው።

የአፍሪካ ሴቶች በግብርናና በምግብ ሥርዓት ውስጥ ወደ አመራር እንዲመጡ ተብለው ስለሚዘጋጁት ፌሎሺፖች፣ ማለትም በመካሪና በሥልጠና ስለሚደግፉ መርሐ ግብሮች ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ያ ቢላዋ ነው። ጉዳዩን ብዙ ሰው የፍትሕ ጥያቄ አድርጎ ያየዋል፤ ነውም። ለእኔ ግን ከዚያ በፊት የሥራ ጥያቄ ነው። የምርምሩን ርዕስ የሚመርጠው፣ ሥልጠናው ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው፣ በጀቱን የሚደለድለው ሰው ቢላዋው በማን እጅ እንዳለ ካላወቀ፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዕውቀት ከጓሮው አጥር ውጭ ቆሞ ይቀራል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ሥራ ካላቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ የሚሠሩት በግብርናና ከምግብ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ነው። የወንዶቹ ድርሻ 60 በመቶ ነው። መጠኑ እኩል በሆነ መሬት ላይ እንኳ በሴቶችና በወንዶች በሚመሩ እርሻዎች መካከል የ24 በመቶ የምርታማነት ልዩነት አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው የመሬቱ ስፋት ካልሆነ ምንድን ነው ቢባል፣ መልሱ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድር፣ ጉልበትና ምክር ነው፤ ሁሉም በሰው ውሳኔ የሚታደሉ ነገሮች ናቸው። ሪፖርቱ ይህ ልዩነትና በዘርፉ ያለው የደመወዝ ልዩነት ቢዘጋ በዓለም ላይ በምግብ እጦት የሚቸገረው ሕዝብ በ45 ሚሊዮን ይቀንስ እንደነበር አስልቷል።

ውሳኔው የሚሰጥበት ወንበር ላይ ማን እንዳለ ሲታይ ሥዕሉ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በ15 የአፍሪካ አገሮች የግብርና ምርምርና ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ላይ በተደረገ ቆጠራ፣ ከአራት ባለሙያዎች አንዷ ብቻ ሴት ነበረች። ኃላፊነት ቦታ ላይ ሲደረስ ደግሞ ከሰባት አንዷ። ከተቆጠሩት አገሮች ዝቅተኛው ድርሻ የኛ ነበር፤ ከመቶ ስድስት ገደማ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፣ ብዙ ሴቶችም ተምረዋል። ሆኖም በሐዋሳ በግብርና ጉዳይ በሚጠራ ስብሰባ ላይ ገብቶ መድረኩ ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ለቆጠረ ሰው ክፍተቱ ዛሬም አይጠፋውም።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ከተሞከሩት መንገዶች ዋነኛውና የቆየው አዋርድ በሚል ምህጻር የሚታወቀው፣ መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ ሴት የግብርና ተመራማሪዎች መርሐ ግብር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለሦስት ዓመታት ያህል ከተሞከረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 በይፋ ተጀመረ። ኢትዮጵያም ከመጀመሪያ ተሳታፊዎቹ አንዷ ናት። አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፌሎሺፕ ሲባል የትምህርት ዕድል ወይም የውጭ አገር ጉዞ ይመስለዋል።

የመጀመሪያ፣ የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ያላት ተመራማሪ ተወዳድራ ስትመረጥ፣ ሥራዋን ሳትለቅ ለሁለት ዓመት ያህል ከአንድ አንጋፋ ሳይንቲስት ጋር ትጣመራለች። መካሪዋ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ አውደ ጥናት አብረው ሠልጥነው ይጀምራሉ፤ በየጊዜውም ይገናኛሉ። እሷ በሚቀጥሉት ዓመታት የት መድረስ እንደምትፈልግ በጽሑፍ ትነድፋለች፣ መካሪዋ ያንን ይዘው ይጠይቋታል፣ ወደ ፊት ይገፏታል። ከዚሁ ጎን ለጎን የምርምር ፕሮፖዛል አጻጻፍ፣ የድርድርና የአመራር ሥልጠና ይሰጣታል። ከሁሉ የምወድደው ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ራሷ ደግሞ አንዲት ጀማሪ ሴት ባለሙያ መርጣ ትመክራለች። ሦስት ትውልድ እንደ ድር ተያይዞ ይቀመጣል፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋን ስባ ነው።

መካሪ ይህን ያህል የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ ለማግኘት የኛን መሥሪያ ቤቶች ትክክለኛ የሥራ ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ነገር የሚያልቀው ቢሮ ውስጥ አይደለም። ለመስክ ሲወጣ መኪና ውስጥ፣ ማታ ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር አሳ እየተበላ ነው። የትኛው ለጋሽ ምን ዓይነት ፕሮፖዛል እንደሚፈልግ፣ የትኛው ቦታ በቅርቡ ክፍት እንደሚሆን፣ ማን ከማን ጋር ሊሠራ እንደሚችል የሚታወቀው እዚያ ነው። ሴቷ በዚያ ሰዓት ቤቷ ናት፤ ልጅ አለ፣ እራት አለ፣ የታመመች አማት አለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብትቀመጥም የሚባልባትን ታውቃለች። ስለዚህ እኩል ዲግሪ ይዛ፣ እኩል እያስተማረች ወሬው የሚደርሳት ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላ ነው። መካሪ ይህን የተዘጋ በር ይከፍትላታል። ስለ ሥርዓተ ጾታ መቶ ጊዜ ከሚሰጥ ገለጻ አንድ የሚያውቃትና ስሟን ባልተገኘችበት ስብሰባ ላይ የሚያነሣላት አንጋፋ ሰው ይበልጥባታል።

ከዚህ ሌላም መርሐ ግብሮች አሉ። በአፍሪካ አረንጓዴ አብዮት ዙሪያ የተቋቋመው አግራ እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመረው የአፍሪካ የግብርና መሪዎች ማዕከል ለምሳሌ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከስምንት አገሮች የተውጣጡ ኃላፊዎችን፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ ለ16 ወራት ያሠለጥናል። ከመንግሥት፣ ከግሉ ዘርፍና ከሲቪል ማኅበራት የመጡ ሰዎች በአንድ አገራዊ ጉዳይ ላይ አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል። መልካም ሥራ ነው። ትኩረቱ ግን ወንበሩ ላይ በተቀመጡት ላይ ነው፤ ወደ ወንበሩ የሚወስደው ደረጃ ላይ የቆመችውን አይመለከትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ፌሎሺፕ የሚሰጠው ለሴቷ ነው። ፍሬው የሚወሰነው ግን በምትመለስበት መሥሪያ ቤት ነው።

አንዲት የማውቃት መምህርት አለች፤ ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልጠቅስም። ለአንድ የአመራር ፌሎሺፕ አመለከተች። ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ የመሥሪያ ቤቷ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ሦስት መስመር የማይሞላ ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ተኛ። «ስትሄጂ ክፍለ ጊዜሽን ማን ይሸፍናል?» ተባለች፤ ከእሷ በፊት ለሦስተኛ ዲግሪ የሄዱት ወንድ ባልደረቦቿ ይህን ጥያቄ ሰምተውት እንደማያውቁ ነግረውኛል። ደብዳቤውን ያገኘችው ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ተመረጠች። ተመልሳ ስትመጣ የላቦራቶሪዋ ቁልፍ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ፕሮፖዛል ጽፋ ይዛው የመጣችው ገንዘብ ደግሞ አስተዳደራዊ ሒደቱን እስኪጨርስ የዝናቡ ወቅት አለፈ፤ በግብርና ምርምር ውስጥ ያለፈ ክረምት ማለት ያለፈ ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ሹመት መጣላት። ምን? የሥርዓተ ጾታ ተጠሪ።

ይህን ሥራ እያጣጣልኩ አይደለም፤ የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ነገር ግን የምግብ ሳይንስ ተመራማሪን ለሁለት ዓመት በአመራር አሠልጥኖ፣ በጀት ወደሌለው ዴስክ መውሰድ ዘሩን ካመረቱ በኋላ ጎተራ ውስጥ መቆለፍ ነው። በአገር ደረጃም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 የካቢኔ አባላት ግማሾቹ ሴቶች ሲሆኑ ሁላችንም ተደሰትን፤ የመከላከያ ሚኒስቴር እንኳ በሴት እጅ ገባ። የግብርናው ወንበር ግን የወንድ ነበር። ብዙ ሴቶች የሚሠሩበት ዘርፍ መሆኑን ሳስብ ያ ምደባ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሕጉ ጭራሹን የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃድን ወደ 120 ቀን አሳድጓል፤ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸውም አዝዞ ነበር። ማቆያው በተከፈተበት ቦታ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ጡት የምታጠባ ባለሙያ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት መሮጧን ትተዋለች። የመስክ ሥራ ግን ማቆያ የለውም። ለሁለት ሳምንት ወደ ዳገታማው ወረዳ የምትወጣ እናት ሕፃኗን ከነሞግዚቷ ይዛ ብትሄድ አበሉን የሚያወራርደው ሰነድ የትኛው መስመር ላይ እንደሚጽፈው አያውቅም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሴቶች የመስክ ምርምርን ትተው ወደ ቢሮ ሥራ የሚያፈገፍጉት፣ ከዚያም «የመስክ ልምድ የላትም» ተብለው ለኃላፊነት የሚታለፉት እዚህ ላይ ነው።

የዶክተር ሰገነት ቀለሙን ሕይወት የማነሣው ለዚህ ነው። ፍኖተ ሰላም ተወልደው፣ በቀድሞው ዓለማያ ግብርና ኮሌጅ ተምረው፣ በአሜሪካና በኮሎምቢያ ለብዙ ዓመታት ተመራምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አፍሪካ ተመለሱ፤ ከ2013 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ጥናት ማዕከል ኢሲፔን በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። ተቋሙን የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሁላችንም እንኮራባቸዋለን፤ ልጃገረዶቻችንም ስማቸውን ሊያውቁት ይገባል። ነገር ግን እኚህን ሳይንቲስት ያበሰሏቸው ወንበሮች ሁሉ ከአገር ውጭ እንደነበሩ ልብ ይሏል። ሐዋሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የግብርና ኮሌጅ አላት። እዚሁ የተማረች፣ እዚሁ የቀጠለች፣ እዚሁ ትልቅ ተቋም የመራች ሴት ለመቁጠር ግን ጣት ይበዛል።

በዚህ ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ መጥቷል። አዋርድን ከመሠረቱት ለጋሾች አንዱ የአሜሪካ የልማት ተራድዖ ድርጅት ነበር፤ ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን አቁሟል። ከዚህ በኋላ የሴት ተመራማሪዎቻችን ዕድገት ዋሽንግተን ውስጥ በሚቀያየር ፖሊሲ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀጥል አይችልም። መካሪ ለመመደብ የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም። ሐዋሳ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የምርምር ተቋም አለ፣ የክልሉ ግብርና ቢሮ አለ፣ ጡረታ የወጡ አንጋፋ ባለሙያዎችም ሞልተዋል። እነሱን ከጀማሪ ሴት ባለሙያዎች ጋር በጽሑፍ ስምምነት ማገናኘት የሚጠይቀው ፈቃደኝነትና አንድ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ብቻ ነው።

ገና ያልተነካው ትልቁ ክፍተት ከዩኒቨርሲቲው በታች ነው። እነዚህ ፌሎሺፖች የሚጠይቁት ዲግሪ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና አስተማማኝ ኢንተርኔት ነው። ቀበሌ ላይ የምትሠራዋ የልማት ሠራተኛ ዲፕሎማ ይዛ፣ በእግሯ ሁለት ሰዓት ተጉዛ፣ ከአርሶ አደሯ ጋር በሲዳምኛ ተነጋግራ ትመለሳለች፤ የጓሮውን እውነት ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ለእሷ የሚሆን የአመራር ፌሎሺፕ አላየሁም። ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋርም እንዲሁ ነው። በደቡብ የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ትልቅ ድል ነበር። የቡናው ማኅበር የአባላት መዝገብ ላይ ግን በአብዛኛው የሚገኘው የአባወራው ስም ብቻ ነው። አባል ያልሆነች ሴት አመራር ልትሆን አትችልም፤ ቀይ እሸቱን የምትለቅመው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የምታገላብጠው እሷ ሆና ሳለ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሄዶም ይህንኑ ማየት ይቻላል። መረብ የሚጥሉት ወንዶች ናቸው፤ ቆሮሶ የተባለው አሳ ከዓመት ዓመት እያነሰ መምጣቱን በመጥበሻቸው ስፋት የሚለኩት ግን አሳ ጠብሰው የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። ስለ መረብ ዓይን ስፋት ሲመከር ማን እንደሚጠራ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለፌሎሺፕ አዘጋጆች የምለው ይህን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ስትጠይቁ «እንደግፋታለን» የሚል ዓረፍተ ነገር አይብቃችሁ። ስትመለስ በየትኛው የሥራ መደብ እንደምትቀመጥ፣ የትኛውን ላቦራቶሪና የትኛውን በጀት እንደምታዝበት፣ ማን እንደፈረመበት ይጻፍ። ካልተፈጸመም ያ ተቋም በሚቀጥለው ዙር እጩ እንዳያቀርብ ይደረግ። ተቀባዮቹ ተቋማት ደግሞ ፌሎሺፑን ያገኘችው ሴት የምትመክራትን ጀማሪ ስትመርጥ ከባልደረቦቿ መካከል ብቻ ሳይሆን ከቀበሌ የልማት ሠራተኞችም እንድትመርጥ ይፍቀዱላት፤ የመጓጓዣውንም ይሸፍኑላት። በዚህ አንድ እርምጃ ናይሮቢ የተጀመረው ድር እስከ ለኩ ጓሮ ይደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2026ን የሴት አርሶ አደሮች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሰይሞታል፤ በዓሉ በባነርና በከነቴራ እንዳያልቅ ከፈለግን የምንጀምርበት ቦታ ይኸው ነው።

ወዳጄ ያን ቀን ከጓሮው ከመውጣታችን በፊት እናትዬውን ቢላዋቸውን ጠየቀቻቸው። ወደ ምድጃው ወስዳ ስለቱን እሳቱ ላይ ያዘችው፤ ለምን እንደሆነም በሲዳምኛ አስረዳቻቸው። በሽታው በዓይን የማይታይ፣ በቢላዋ ላይ ተሳፍሮ የሚሄድ ነገር መሆኑን ሲሰሙ እናትዬው የወደቁትን ሦስት እንሰቶች ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ጎረቤታቸውን በአጥሩ ላይ ተጣሩ። ሁለት ሴቶች መጡ፣ ቀጥሎ አንዲት ልጃገረድ፣ እሷም የራሷን ቢላዋ ይዛ።

እናትዬው የሞቀውን ቢላዋ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ስለቱን ዳሰሱት።

«ልጄ፣ በየእንሰቱ እንዲህ ካሞቅኩት እኮ ይደነዝዛል። በደነዘዘ ቢላዋ ደግሞ እንሰት አይቆረጥም። ሌላ መላ የለውም?»

ተመራማሪዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጥያቄውን እሳቸው እንዳሉት ጻፈችው።